ለልጄም ለመምህሯም አንድ አንድ ድምፅ

ልጄ የምትማረው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ኤች ቢ ዉድላውን ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራል። ክፍያ የለውም። የሚገባውም በዕጣ ነው።

እዚያ ተማሪው መምህሩን በስሙ ብቻ ይጠራል። መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ። እኔ ደሴ ስማር የክፍል አለቃ ያወራውን ሁሉ ስሙን ጽፎ ለመምህሩ ይሰጥ ነበር። ስምሽ ከተጻፈ አለቀልሽ! መምህርን እንዲያው በስም መጥራትማ ማን ደፍሮ?

ሐሳቤን የቀየረው ታውን ሚቲንግ የሚሉት ስብሰባቸው ነው። ተማሪም፣ መምህርም፣ ወላጅም የመጣ ሁሉ እኩል አንድ ድምፅ አለው። የሚያነሱት ቀላል ነገር አይደለም፤ ገንዘቡ ለምን ይዋል፣ መምህራን እንዴት ይደልደሉ የሚለውም ይቀርባል። ሄጄ ተቀመጥኩ። አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣና መምህሩ ያቀረበውን ሐሳብ ተቃወመ። መምህሩ አልተቆጣም። "ለምን?" አለው፤ ልጁም አስረዳ። ድምፅ ተሰጠ። ልጁ ተሸነፈ፤ ግን ተሰምቶ ነው የተሸነፈው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ የሰማኝ ትልቅ ሰው አላስታውስም።

ይህ የትናንት ሙከራ አይደለም። ዉድላውን እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀመረ፤ ሬይ አንደርሰን የሚባል መምህር ነው የመሠረተው። በ1978 ሆፍማን ቦስተን ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ጋር ተዋሐደ። እስከ 2019 ድረስ የነበረበት ሕንፃ ደግሞ ስትራትፎርድ ነው፤ በ1959 በቨርጂኒያ ጥቁር ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የነጮች ብቻ ወደነበረ የመንግሥት ትምህርት ቤት የገቡት እዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ አሁን ያለው እዚያው አርሊንግተን፣ ሮዝሊን የሚባል ሰፈር ነው።

"ልጄ ስድ ሆና ትቅር?" ያለችኝ ጓደኛ አለች። ስጋቷ ይገባኛል። ግን እያንዳንዱ ተማሪ የሚከታተለው አማካሪ መምህር አለው። በራሱ የሚያዝበት ሰዓትም እያደገ ሲሄድ ነው የሚሰፋው። ልጄ ሒሳብ ላይ ወደኋላ ስትቀር አማካሪዋ መጀመሪያ ያናገረው እሷን ነው፤ እኔን አይደለም። የጥናት ፕሮግራሟን ራሷ አወጣች። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ እኔ አልነካውም።

አርሊንግተን ሆናችሁ 5ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ የዕጣውን ቅጽ ሙሉ። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች መረጃ በአማርኛም ያወጣሉ። ከመሙላታችሁ በፊት ግን ልጁን ጠይቁት። አልፈልግም ካለም ምክንያቱን ስሙት።