“ቀላል ናት” ተብዬ የገዛኋት ሳይክል

ደሴ ላይ ሳይክል የሚነዳ ሰው ብዙ አታይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከፒያሳ ወደፈለግክበት ዙር፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱም ስትመለስ ዳገት ይሆንብሃል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ባጃጅ መጠበቅ አንገሽግሾኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ሳይክል ልገዛ ቆረጥኩ።

የሚያስጨንቀኝ ክብደቷ ብቻ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ደረጃ ሥር ያደረ ሳይክል ደግሞ ጠዋት ቢገኝ እንኳ ኮርቻው አይገኝም። የተለመዱት የኤሌክትሪክ ሳይክሎች ከ22 እስከ 28 ኪሎ ይመዝናሉ። ሩብ ኩንታል ማለት እኮ ነው! ሥራ ውዬ ማታ ማታ ሩብ ኩንታል ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ከምወጣ ባጃጁን ብጠብቅ ይሻለኛል።

ታዲያ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ልጅ 16 ኪሎ የምትመዝን እየሸጠ ነው ተባልኩ። ሰኞ ዕለት ፈቃድ ጠይቄ ወረድኩ። ልጁ ገና ሰላም ሳይለኝ “በአንድ እጅህ አንሳት!” አለኝ። አነሳኋት። ወላሂ ቀላል ናት። አስፋልቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ነዳኋት፣ ሜዳ ነው፣ ጋዝ መስጫውን ነካ ሳደርጋት ትበራለች፣ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

“ባትሪዋስ?”

“አንዴ ቻርጅ ካደረግካት 60 ኪሎ ሜትር። ደሴ እኮ 25 ብትሆን ነው፤ ደርሰህ ተመልሰህ ይተርፍሃል! ቁልቁለት ላይ ደግሞ ራሷን ቻርጅ ታደርጋለች።”

ከፈልኩ። ልጁ ታክሲ አናት ላይ ላስጭንልህ ቢለኝ ሳቅኩበት። 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ሳይክል ገዝቶ ታክሲ የሚሳፈር ማን ነው?

ኮምቦልቻና ደሴን የሚያውቅ ሰው አሁን ሐረጎን አስታውሶ መሳቅ ጀምሯል። ለማያውቅ፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በመሃል ያለው ሐረጎ ነው፤ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ፣ አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትል ሌላው ከላይ ሆኖ የሚጠብቅህ። ጭነት መኪና እንኳ እያቃሰተ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርን። ከዚያ ፍጥነቷ ቀነሰ። ከዚያ ከእግረኛ እኩል ሆንን። አንዲት የእንጨት ሸክም ያዘሉ እናት ጎን ለጎን እየሄድን “ደህና ዋልክ ልጄ” አሉኝ፣ “ደህና ዋሉ እናቴ” አልኩ፣ ስለ ቤተሰብ ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ጨርሰው ጥለውኝ ሄዱ። ከኋላ የሆነ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ፣ የእኔዋ ሞተርም ያለው የኋላ ጎማ መሃል ላይ ነው። ነካሁትና እጄን መለስኩ። እንዲህ ያለው ሞተር ማርሽ አይቀይርም፤ ረጅም ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ኃይሉ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ሙቀት ይሆናል። ትንሽ እስኪበርድ ጠበቅኩ፣ ቀጠልኩ፣ ባትሪ ማሳያው ላይ የቀረችው አንድ መስመር ብልጭ ብልጭ አለችና ሁሉም ነገር ጠፋ።

እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ተሸከምኳት። መግፋትም ይቻል ነበር፣ ግን ቀላልነቷን ብዬ አይደል የገዛኋት?

መንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ። ከትከሻዬ ተቀብለው በአንድ እጅ ብድግ አደረጓት፣ አገላብጠው አዩዋት፣ ጎማዋን አዞሩ፣ “ያ ረቢ! ይቺማ ምንም አትልም!” አሉ። ከዚያ ላይ ታች ያለውን ሰው ሁሉ ጠሩት። አንድ በአንድ እየተነሳ መዘናት። ሁሉም ቀላልነቷን መሰከረ። ለምን ሰው ላይ እንደተጫነች ግን አንድም የጠየቀኝ የለም። ሲመልሱልኝ “አብሽር ልጄ፣ ደሴ ቅርብ ነው” አሉኝ። ደሴ ቅርብ አልነበረም።

ያዳነኝ የባቲ ገበያ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ ከሰዓት ላይ ፍየል የጫነ አይሱዙ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ደሴ ይወጣል። አንዱን ለምኜ አስቆምኩ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና እሱም በተራው አነሳት።

“ፍየል በነፍስ ወከፍ ነው የምናስከፍለው” አለኝ። “ይቺ ያንድ ፍየል ትከፍላለች።”

“እኔስ?”

“አንተማ እንግዳ ነህ፣ በነፃ።”

ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር ተሳፈርን። የፍየሎቹ ባለቤትም እዚያው ነበሩ፣ ብዙ ጊዜ ሳይክሏን ሲያዩ ቆዩና ዋጋዋን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ፣ ጣታቸው አለቀ፣ እንደገና ከአውራ ጣት ጀመሩ፣ መጨረሻ ላይ “ይህን ሁሉ ፍየል ሰጥተህ?” አሉኝና ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። በዚህ መሃል አንዷ ቀይ ፍየል የቻርጅ ቀዳዳውን የምትሸፍነውን የላስቲክ ክዳን በጥርሷ ነቅላ ዓይኔን እያየች ቀስ ብላ ታኝካለች። ልቀማት ብል ዋጠቻት።

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። በማግስቱ ስነግረው ማዘኑን ትቶ ወረቀት አወጣ። ባትሪዋ 36 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት፤ ሲባዛ የምትይዘው ጉልበት 252 ዋት ሰዓት። እኔና ሳይክሏ ከነቦርሳዬ መቶ ኪሎ ብንሆን፣ 650 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 177 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነውን፣ የ25 ኪሎ ሜትሩን ነፋስና የጎማውን ፍትጊያ ጨምርበት፤ ባትሪው ከአናት ሳይደርስ ያልቃል። ያቺ 60 የተባለችው ደግሞ ሜዳ ላይ፣ ሰውየው ፔዳል እየመታ፣ ሞተሩ በትንሹ እያገዘው ነች። ሳይክል የሚቀለው ከላዩ የሆነ ነገር ተቀንሶ ነው፣ ከእሷ የተቀነሰው ባትሪው ነው አለኝ። ራሷን ቻርጅ ታደርጋለች የተባለውም ለእሷ አይሠራም፤ እንዲህ ያለ ቀላል ሞተር ቁልቁለት ላይ ጎማውን ለቆ ዝም ይላል እንጂ ባትሪ አይሞላም።

“ፔዳል ብትመታ ኖሮ ግን ትደርስ ነበር” አለኝ።

“ፔዳል ልመታ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ምን አደርገዋለሁ?” አልኩት። እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ የዚያን ዕለት ማታ አራተኛ ፎቅ ይዣት ስወጣ ምንም አልከበደችኝም። ጎረቤቴ እትዬ ደረጃው ላይ አገኙኝና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዝ አድርገው “ተሸካሚ አጥተህ ነው በግህን ራስህ የምትጎትተው?” አሉኝ። ጨለማ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ በጠረኑ ነው የፈረዱት። ቻርጅ ላድርጋት ብልም መብራቱ የመጣው ሌሊት ነው።

አሁን ሳይክሏ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ናት። ሜዳው ላይ ሥራ ትመላለስባታለች፣ አንድ ቀን አማርራ አታውቅም፤ ከኮምቦልቻ ሳትወጣ ለሚነዳት ሰው እውነትም ጥሩ ሳይክል ናት። እኔ ደግሞ ሞተሩ ከፔዳሉ ጋር መሃል ላይ የሆነውን ዓይነት እያፈላለግኩ ነው፤ ኃይሉ በካቴናው ስለሚያልፍ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሰህ ትወጣበታለህ፣ ባትሪውም ትልቅ ነው፣ ተነቅሎ ለብቻው ቤት ይገባል። ክብደቱ 24 ኪሎ ነው። እሱን አራተኛ ፎቅ ስለማልሞክረው የግቢያችንን ጥበቃ ዘበኛ ቤት እንዲያሳድርልኝ ለመንኩት። ወሬው ደርሶት ኖሯል።

“ማደሩስ ይደር” አለኝ፣ “ሣሩን ግን አንተ ነህ የምታመጣው።”