ሦስት የሽሪምፕ ቫይረስ ጂኖሞችን ጎን ለጎን አድርጌ ያነጻጸርኩበት መንገድ

የነጭ ነጥብ በሽታ ቫይረስ የእርባታ ኩሬ ውስጥ ከገባ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሽሪምፑን ጠራርጎ ሊጨርሰው ይችላል። ሰውን አይነካም፤ የአርቢውን ኑሮ ግን ያናጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምሥራቅ እስያ ላይ ከታየ ወዲህ አሜሪካም ደርሷል። ከየት ወዴት እንደሄደ የሚነግረን ዘረመሉ ነውና ነገሩን ከልቤ ያዝኩት።

ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተርና ጂንባንክ በሚባለው የዘረመል መረጃ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነው መረጃ ይበቃሉ። ሦስቱን ቀደምት ሙሉ ጂኖሞች (የቫይረሱን ሙሉ ዘረመሎች) አወረድኩ፦ የታይላንዱ 292,967፣ የቻይናው 305,107፣ የታይዋኑ 307,287 ጥንድ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል)።

ከሁሉ በፊት መነሻቸውን አንድ ማድረግ ግድ ነው። ይህ ዲኤንኤ እንደ መቁጠሪያ ክብ ስለሆነ ቆጠራው ከየትም ሊጀመር ይችላል። የታይላንዱን ያነበቡት ተመራማሪዎች የጀመሩት የቫይረሱን የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ከሚሠራው ከቪፒ28 ጂን ነው፤ ቻይናዎቹ ከሌላ ቦታ። ያው ጂን በታይላንዱ የጂኖች ዝርዝር ቁጥር 1፣ በቻይናው 421 ነው። ስለዚህ ቪፒ28ን ብላስት በተባለው የዲኤንኤ መፈለጊያ ፕሮግራም ፈልጌ ሦስቱንም እዚያው ላይ ቆረጥኩ፤ አቅጣጫቸውንም አመሳሰልኩ። ይህን የዘለለ ሰው የሌለ ልዩነት ያያል።

ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ። በታይዋኑና በታይላንዱ መካከል ያለው የ14,320 ልዩነት የተበታተነ ነው ወይስ የተከማቸ? የተከማቸ ነው፤ በጣም። 13,200 ያህሉ ኦአርኤፍ 23/24 ከሚባለው አንድ ሥፍራ ከታይላንዱ የጎደለ ነው (ኦአርኤፍ ማለት ፕሮቲን ሊሠራ የሚችል የዲኤንኤ ክፍል ነው)። ከ1,300 በላይ የሚሆን ሌላ ቁራጭ ደግሞ የታይዋኑ ብቻ ያለው፣ ከቦታ ቦታ የሚዘል ዲኤንኤ ነው። የቀረው ከ99 በመቶ በላይ አንድ ዓይነት ነው። በቬትናም ናሙናዎችም ያው ሥፍራ ጎድሎ ተገኝቷል፤ የጉድለቱ መጠን ግን ይለያያል። እኔ የምረዳው ቫይረሱ ኩሬ ውስጥ ያለ እነዚያ ጂኖች መኖር እንደሚችል ነው። የጠፋ ቁራጭ በቀላሉ ስለማይመለስም፣ ረጅሙን ጂኖም ለጥንቱ ይበልጥ የቀረበ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ድግግሞሾቹን በተመለከተ ጥብቅ ሆንኩ። ኦአርኤፍ 94 ውስጥ 54 ፊደላት ያሉት ቁራጭ እየተደጋገመ ይሄዳል፤ ብዛቱ በጎረቤት ኩሬዎች መካከል እንኳ ሊለያይ ይችላል። በአንድ አካባቢ ወረርሽኙን ለመከታተል ጥሩ ምልክት ነው፤ አገርን ከአገር ለማዛመድ ግን አላምነውም። የዝምድናውን ዛፍ ከመሥራቴ በፊት አውጥቼዋለሁ።

የራሳችሁ ናሙና ካላችሁ ደግሞ በአጫጭር ንባብ ብቻ (መሣሪያው ዲኤንኤውን ቆራርጦ በሚያነባቸው ትንንሽ ቁርጥራጮች) አትተማመኑ። ንባቡ ከተደጋጋሚው ክልል ካጠረ፣ ፕሮግራሙ ድግግሞሾቹን አጣብቆ ቁጥራቸውን ያሳንሳል። ያንን ክልል ለብቻው በፒሲአር አባዝታችሁ ርዝመቱን ለኩ።