የስፕሊት ሮክ መብራት ጠባቂዎች
ዛሬ በሚኒሶታ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በገደል ጫፍ ላይ የቆመውን የስፕሊት ሮክ የመርከብ መብራት ማማ ስንጎበኝ፣ አንዲት ሕፃን የጥንት ጠባቂ ልብስ የለበሰውን አስጎብኚ «ሌሊት ትተኛለህ?» ብላ ጠየቀችው። በሜርኩሪ ላይ የሚንሳፈፈውን ግዙፍ ሌንስ የሚያሽከረክረው መዘውር እንደ ጥንት ግድግዳ ሰዓት በክብደት ይሠራ ስለነበር በየሁለት ሰዓቱ መጠምዘዝ ነበረበት፤ ስለዚህም ጠባቂዎቹ በተራ ነቅተው ያድሩ እንደነበር አስረዳት። የጠባቂዎቹን ቤትና በጉም ጊዜ መርከቦችን በድምፅ ያስጠነቅቅ የነበረውን የጉም መለከት ሕንፃ (ያማሩ ናቸው) ፈጠን ብዬ አለፍኳቸው፤ ሐሳቤ መዘውሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ለማማው መሠራት ምክንያት በሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905 በሐይቁ ላይ በተነሣው ማዕበል የተጎዱት መርከቦች ተመዝግበዋል፤ በ1910 ተሠርቶ በተጠናቀቀው በዚህ ማማ የዳኑት ግን መዝገብ የላቸውም። ለመጎብኘት ያሰበ ኖቬምበር 10ን ይምረጥ፤ በ1969 ሥራ ያቆመው መብራት፣ በ1975 ከኤድመንድ ፊትዝጄራልድ መርከብ ጋር ለሰጠሙት 29 ሰዎች መታሰቢያ በዚያ ምሽት ይበራል።