እድራችን ስለ ፎቅ ሲሰበሰብ

ከእኛ በታች ያለው ሰፊ ግቢ ክረምቱ እንደወጣ በቆርቆሮ ታጠረ። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ የሚወርዱትን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የምታውቁ የእኛን መገመት አያቅታችሁም። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ ካልሄደ ማለፍ የለም። መጀመሪያ መኖሪያ ቤት ነው ተባለ። ከዚያ ጂ ፕላስ አራት ነው ተባለ። በቅርቡ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የሕንጻው ምስል ተለጠፈ። ፎቁን ቆጠርኩት፣ አሥራ አራት ሆነብኝ። ልጄ ስትቆጥረው አሥራ አምስት አገኘች።

እኔ ፎቅ አልጠላም። ይህን ቀድሜ ልበል፣ ምክንያቱም እኛ አፋችንን በከፈትን ቁጥር "ልማት አትፈልጉም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ከተማዋ ወደ ጎን ብቻ ብትዘረጋ የት ልትደርስ ነው? ንግድ ባንክ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2014 ሲያስመርቅ እኔም እንደ ሰዉ ሥሩ ቆሜ ፎቶ ተነሥቻለሁ። ግን የዚያ መንገድ ሌላ፣ የእኛ መንገድ ሌላ። ደግሞ የሚያንገበግበኝ ከፍታው ብቻ አይደለም። አጠገባችን ምን እንደሚሠራ የምንሰማው ኤክስካቫተሩ ሲገባ መሆኑ ነው።

ጉድጓዱ ለቤዝመንት ነው። አጥሩ ሥር ድረስ ተጠግተው ቆፈሩት። ከአጥሩ ወዲህ ያሉት እማማ ቤታቸው የጭቃ ነው፣ ከእኔም ከእናቴም ዕድሜ ይበልጣል፣ የጓዳው ግድግዳ ከጣሪያው ጀምሮ እስከ መስኮቱ ድረስ ተሰነጠቀ። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ ቀያሽ አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። መጥተው ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ትንሽ ጀሶ በጥብጠው እንደ ፕላስተር አሻግረው ለጠፉበት፣ አጠገቡ ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። "ጀሶው ደህና ከቆየ ስንጥቁ የድሮ ነው። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው" አሉ። እማማ ከዚያ በኋላ በነጋ በጠባ ባትሪ እያበሩ ያዩታል። ጀሶው ተሰነጠቀ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እድር የደረሰው። እድራችን የተቋቋመው ለቀብር ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ንፍሮ። መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ስለ ፎቅ አንድ ቃል የለም፣ ሊቀመንበሩም ከመዋጮው በኋላ ጉዳዩ ሲነሣ "ከዓላማችን ውጪ ነው" ብለው ሊዘጉት ፈለጉ። እማማ ከኋላ ወንበር ሆነው "ግድግዳው ከወደቀብኝማ መምጣታችሁ አይቀርም፣ አሁን ብትመጡ ምናለበት?" አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም ተነሥቶ አልሄደም።

ስብሰባው እንዳሰብኩት አንድ ድምፅ አልሆነም። መንገዳችን ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ነው የሚኖረው። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ትርፉ ቤት አብዛኛው የቀበሌ ሆነ፣ ባለቤቱ የሚኖርበት ለባለቤቱ ቀረ። ስለዚህ በአንድ አጥር ውስጥ ካርታ ያለውና የቀበሌ ተከራይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ልጆቻቸውን አብረው ያሳድጋሉ፣ ፎቅ ሲመጣ ግን ሒሳባቸው ይለያያል። ካርታ ካላቸው አንዱ ተነሥቶ "እሱ አሥራ አራት ከተፈቀደለት ነገ እኔም ይፈቀድልኛል፣ ቦታዬ ዋጋ አወጣ ማለት ነው፣ ለምን እቃወማለሁ?" አለ። እውነቱን ነው። አንዲት የቀበሌ ቤት ነዋሪ ደግሞ ስለ ጥላና ስለ ጠባብ መንገድ ስናወራ ትዕግሥቷ አለቀ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ዘመዶቿ ከከተማዋ ዳር ገላን ጉራ ሄደዋል። "እናንተ ፀሐይ ቀረብን ትላላችሁ፣ እኔ የት ነው የምታድሩት ብባልስ?" አለች። በሰፈር ስም ደብዳቤ ስንጽፍ የማንን ሰፈር እንደምንጽፍ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አቤቱታ ይዘን የሄድንበትን ቢሮ አልናገርም። የምታውቁት ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው፣ ነገ ኑ። በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ልጅ በጨዋነት አስረዳችን፤ ፈቃዱ ተሰጥቷል፣ ግድግዳውን በተመለከተ ቁጥጥር ይላካል። እውነትም መጡ። ከሁለት ቀን በኋላ በእማማ በኩል ያለው የጉድጓዱ ወገን በእንጨትና በብረት ተደገፈ፣ ቁፋሮውም ከአጥሩ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ቀላል አይደለም። ከፍታው ላይ ግን "ፕላኑ ይፈቅዳል" ነው መልሱ።

ፕላኑ ይፈቅዳል። እሺ፣ ፕላኑን ማን ጻፈው? ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። በዘመናቸው ፕላን ሲወጣ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሰው ሳያየው ዝናብ ይበላው እንደነበር ነገሩን። አንድ ጎረቤታችን ልጁን የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ን ፕሪንት አስደርጎ ስላመጣ ቁጭ ብለን አነበብነው። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላው ከተማ ዋና ፕላን፣ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው ይላል። ሲዘጋጅም ረቂቁ ለሕዝብ ቀርቦ ውይይት ሊደረግበት ይገባል። ከእሱ ሥር ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል አለ፣ የአንዱን ሰፈር ዝርዝር የሚወስነው እሱ ነው። የቦታ አጠቃቀም፣ የሕንጻ ከፍታ፣ የመንገድ ስፋት እዚያ ይሰፍራሉ። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 ነው። እንግዲህ ቀጣዩ የሚረቀቅበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ጉድጓድ ዙሪያ ቆመን እንጮሃለን። ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ስለ ጥሎሽ እንደመከራከር ነው።

ስለዚህ አሁን የምገፋው ሐሳብ ይህ ነው። ይህ ሕንጻ ይሠራል፣ እናስቆመዋለን ብሎ ራስን መሸወድ አያስፈልግም። ጉልበታችንን ለሚቀጥለው ፕላን እናውለው። ጋሼ ሜትር ይዘው መንገዱን ከላይ እስከ ታች ለክተውታል፣ የሰፈሩ ልጆች ጫፉን እየያዙላቸው። ሰፊ በሆነበት ስድስት ሜትር ይሆናል፣ የእማማ በር ላይ አራት እንኳን አይሞላም። በዚያ በኩል የእሳት አደጋ መኪና አይገባም፣ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የውሃ ፈረቃችንም ይታወቃል። ፍሳሹ በክረምት ወዴት እንደሚሄድ ግንፍሌ ወንዝ ይመስክር። እነዚህን በወረቀት አስፍረን፣ በፎቶ አስደግፈን፣ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ብናስገባ "ፎቅ አትሥሩ" ከማለት ይሻላል። በመንገዱ ልክ ይሠራ፤ ከጎረቤት ርቆ ይቆፈር፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪ የሚነሣ ከሆነ የት እንደሚሄድ አብሮ ይጻፍ።

ይህን የመጨረሻውን ለማስገባት ነው ብዙ የተጨቃጨቅነው። ካርታ ያላቸው "ጉዳዩን ያወሳስብብናል" አሉ። እኔ እሱ ከሌለበት አልፈርምም አልኩ፣ እማማም አሉ፣ ያቺ የካዛንቺስ ዘመድ ያላት ልጅም አለች። በመጨረሻ ከቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ሁለት ሰው ኮሚቴ ውስጥ ይግባ የሚለው በድምፅ አለፈ። ያኮረፉ አሉ። ያኩርፉ፣ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን።

ቃለ ጉባኤውን እኔ እንድጽፍ ተፈርዶብኛል። ደብዳቤው ላይ የእድሩ ማኅተም ይመታ አይመታ ግን ገና አልተስማማንም። ሊቀመንበሩ "ለቀብር የተሠራ ማኅተም ነው" ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተውት ሄደዋል፣ ለእሑድ ተቀጥረናል።