ኮቴ

ለአጎቴ ተዝካር ደብረ ማርቆስ ሄጄ ስመለስ አውቶቡስ አጣሁና ጤፍ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ እስከ አዳማ ይወርዳል፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ያደርኩበት አልጋ 300 ብር ነበር፤ ቁንጫው ግን በነጻ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስንነሣ እያከክሁ ነበር።

ገና ሳይነጋ አንዲት ከተማ መግቢያ ላይ በሁለት እንጨት መካከል የተወጠረ ገመድ አስቆመን። ጋቢ የተከናነበ ወጣት ታርጋችንን በባትሪ አየና «ኮቴ» አለ፤ የማለፊያ ክፈሉ ማለቱ ነው። ቃሉ የበቅሎና የአህያ ነበር፣ አሁን ጎማውም ኮቴ አውጥቷል። ሾፌሩ 100 ብር ሰጠ፣ ደረሰኝ ተቀደደ፣ ገመዱ ወረደ። እዚህ ድረስ ምንም አልተሰማኝም። ያናደደኝ መውጫው ነው፦ ሌላ ገመድ፣ ሌላ ሰው። ደረሰኙን አሳየነው።

«ይሄ የመግቢያ ነው።»

«ታዲያ ልንቀርላችሁ ነበር እንዴ?» አልኩ። ሾፌሩ ጉልበቴን ያዝ አድርጎ «ተወው ወንድሜ» አለኝና 50 ብር አቀበለው። የዚህኛው ደረሰኝ የለውም።

እኔ መክፈል አልጠላም። የአዳማ ሰው ነኝ፤ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለምጄዋለሁ። ስትገባ ካርድ ትቀበላለህ፣ ስትወጣ ትመልሳለህ። ከየት እንደገባህ ካርዱ ይናገራል፣ ሂሳቡም በኪሎ ሜትርና በመኪናህ ዓይነት ይሠራል። ከባዱ ከቤት መኪናው የበለጠ ይከፍላል፤ አስፋልቱን የሚጎዳውም እሱ ነውና አይከፋኝም። ደግሞም ያልፈለገ በቢሾፍቱና በሞጆ ዞሮ በድሮው መንገድ በነጻ ይሄዳል። ከገመዱ ግን በየት በኩል ትዞራለህ?

ይህን ሁሉ ለሾፌሩ ሳስረዳ ሉማሜን አለፍን። አዳምጦኝ ሲያበቃ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ደጀን ላይ ሻይ ጠጣን። የሻይዋ ባለቤት ዓይኔን አይታ «አልተኛህም መሰለኝ» ብላ አንድ እፍኝ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ገንዘቡንም እንቢ አለች። እዚያው አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ፤ ረዳቱ ቦታውን ለቆላቸው ጭነቱ ላይ ወጣ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍሬኑ መሽተት ጀመረ፣ እሳቸው ግን ጨዋታቸውን አላቋረጡም።

«የእኔ አያት ነጋዴ ነበሩ ልጄ። ከባሶ ገበያ አሞሌ ጭነው ዓባይን ሲሻገሩ ኬላው ላይ ይቀረጣሉ፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ዋናተኛው የድርሻውን ይላል።»

«ደረሰኝ ነበረው አባቴ?»

«ጨው ነው እንጂ ምን ደረሰኝ አለው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ታች ደረስን። የሕዳሴው ድልድይ 303 ሜትር ነው፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ። የንጉሡ ዘመን ድልድይ ከጎኑ ቆሟል። ፎቶ ላነሣ ስል ሾፌሩ «ጥበቃዎቹ ይቆጡሃል» ብሎ ስልኬን አስከተተኝ። ሳንቲም የጠየቀን ግን የለም። በሁለት ደቂቃ ጎጃምን ለቀን ወጣን።

ሽማግሌው ጎሐ ጽዮን ወረዱ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሱሉልታ ላይ እስኪመሽ ቆመናል።

አዲስ አበባን ስንጨርስ ነቃሁና «በፈጣን መንገዱ ነዋ?» አልኩ። ሾፌሩ ከራሱ በላይ ካለው የፀሐይ መከለያ የደረሰኝ ጥቅል መዝዞ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። የሰባት ከተማ ኮቴ ነው፤ ደረሰኝ ያልተሰጠበት ሳይቆጠር።

«እኔ ልክፈልልህ።»

«የዛሬውን ከፍዬ ጨርሻለሁ» አለና ወደ አቃቂ ታጠፈ። ዱከም ላይ አንድ ሲኖትራክ ተበላሽቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አዳማ የገባነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቆሎዬም ያለቀው እዚያው ዱከም ነው።