ቤት የሚነሳ፣ ሐይቅ ዳር የሚጠፋ ሞተር

እጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት ከረመ። በሳሙና ባሸው፣ በሎሚ ብፈትገው አልለቅ አለ።

ወራሚት በኩል፣ ጣና ዳር፣ የእናቴ ትንሽ መሬት አለች። ማንጎ አለባት፤ በበጋ ደግሞ ሽንኩርት እንተክልባታለን። ውሃ የምንስበው ባለ 6.5 ፈረስ ጉልበት የቤንዚን ፓምፕ ነው። ዘንድሮ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር፣ ማለትም ውሃ በጣም በሚፈልግበት ሰዓት፣ ሞተሩ አመሉን ቀየረ። ዳር ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሠራና ጸጥ ይላል። ገመዱን ትከሻዬ እስኪገነጠል ብጎትት ወይ ፍንክች። ባጃጅ ላይ ጭኜ ቤት አመጣውና ግቢው ሲሚንቶ ላይ አስቀምጬ አንዴ ስጎትተው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። ደስ ብሎኝ መልሼ እወስደዋለሁ፤ እዚያ ሲደርስ ያው ነው። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁሌም በኮንትራት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን፣ ነው። ፈትቼ ሳየው የድስት ቂጥ መስሏል። በቃ፣ በሽታው ተገኘ አልኩ። አልነበረም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ የእነዚህ ሞተሮች ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ ደግሞ የሚስተካከለው ለቆላ አገር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። ጉልበቱም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል። ስለዚህ ጥቁረቱ የሁልጊዜ ነው። በብረት ብሩሽ ጠርጌ፣ ክፍተቱን 0.7 ሚሊ ሜትር አድርጌ መለስኩት።

ከዚያ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ገመዱን እንኳን ሳይጎትት «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት» አለኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ። ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ነው፤ እሱ ያለቀበት ሞተር ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል፤ የኔ አንዱንም አያደርግም። ተሸክሜው ወጣሁ።

ካርቡሬተሩን ራሴ ከፈትኩት። ከታች ያለችውን ኩባያ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትቼ ሳወርዳት ቡና አተላ የመሰለ ዝቃጭ ሥሯ ተኝቷል። መሐል ላይ ያለችው የቤንዚን ቀዳዳ ፀጉር የምታሾልክ ናት። ከመብራት ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዤ፣ ወደ ብርሃን እያዞርኩ፣ ቀስ ብዬ ጠረግኳት። ማዶ ብርሃን ሲታየኝ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ግን ስገጥም ጓርኒሲዮኗ፣ ቤንዚን እንዳያፈስ የኩባያዋን አፍ የምታሽገው፣ ተቀደደች። ሦስት ሱቅ ዞሬ ያገኘኋት በትንሹ ትሰፋለች፤ ታንጠባጥባለች። ይቺ ቀለበት የምታህል ነገር ናት አንድ ሰው ከሥራ የምታስፈታው!

ሞተሩ ዳር ላይ ግን አሁንም ይጠፋል።

መጨረሻ ላይ ነገሩን የፈቱልኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ አያ ነው የምላቸው። ውሃ ሊቀዱ ወርደው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይኸ ነገር ዘመም ብሎ እኮ ነው የቆመ» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁት። እውነትም ዘሟል። የሐይቁ ውሃ ከመስከረም በኋላ እየሸሸ ይሄዳል፤ ፓምፕ ደግሞ ከከፍታ ላይ ሆኖ ከሩቅ መሳብ ስለማይችል ሞተሩን ይዘን ውሃውን እየተከተልን እንወርዳለን። ዘንድሮ የወረድንበት ቦታ፣ ደንገሉ አጠገብ፣ ተዳፋት ነው። ሞተሩ ሆድ ውስጥ ደግሞ ዘይት የሚጠብቅ ሴንሰር አለ። ዘይት ያነሰ ሲመስለው ሞተሩ እንዳይቃጠል ብሎ እሳቱን ይቆርጠዋል። ጠቅላላ የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ጎድሎ ሳለ ሲያዘም ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ሴንሰሩም ባዶ ይመስለዋል። ቤት ሲሚንቶ ላይ ሜዳ ነው፣ ስለዚህ ይነሳል።

በዶማ ቆፍሬ ደለደልኩ፣ አራት ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍኩ፣ ዘይቱን እስከ መሙያው አፍ ሞላሁ። በአንድ ጉተታ ተነሳ። አያም እኔም ሳንናገር ውሃው በቦዩ ሲወርድ አየን።

ማታ መመሪያውን አውጥቼ ሳይ ነገሩ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል። ይህን ማሽን የሚገዛው ገበሬ ነው። ለሱ አንዲት ገጽ በአማርኛ፣ «ሜዳ ላይ አስቀምጡት፣ ዘይቱን ጠዋት ጠዋት እዩ» የምትል፣ ብትጨመር ስንት ማሳ በሰዓቱ ይጠጣ ነበር። ይህ ያንገበግበኛል።

ሽንኩርቱ ግማሹ ከጫፉ ደርቋል፣ ግማሹ ተርፏል። ጓርኒሲዮኗ እስካሁን አልተገኘችም። ለጊዜው የሚያንጠባጥበውን በደረቅ ሳሙና ደፍኜዋለሁ፣ በየቀኑም አየዋለሁ፤ ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ ሳይቀዘቅዝም ቤንዚን አልሞላም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ደግሞ እፈልጋለሁ፣ አሮጌዋን በኪሴ ይዤ።