ሶፋውን ውሃ አታጠጡት

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ሶፋዬን አሳጠብኩ። ሁለት ልጆች ማሽን ይዘው መጡ፣ ሲረጩና ሲፈገፍጉ አረፈዱ፣ ጨርቁ አማረበት፣ እኔም ከፍዬ አመስግኜ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሳሎኑ መሽተት ጀመረ። እርጥብ ጆንያ ጓዳ ውስጥ ተረስቶ ሲቆይ የሚሸተው ዓይነት ሽታ። መቀመጫውን በመዳፌ ጫን ሳደርገው በጣቶቼ መሃል ውሃ ብቅ አለ። በዘጠነኛው ቀን ዚፑን ከፍቼ ስፖንጁን ገልበጥ ሳደርገው ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ሻግቷል።

ሶፋው የእናቴ ነበር። ሠርጌም የአባቴም ለቅሶ እሱ ላይ ነው ያለፈው። ስለዚህ ነገሩ በጣም አናደደኝ፣ ከዚያ በኋላም ሶፋ እንዴት እንደሚጸዳ የምር መከታተል ያዝኩ። አሁን ሁሉንም በራሴ ነው የማጸዳው፣ ክረምትም ቢሆን፣ በትንሽ ውሃ ብቻ። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሬ 10 ሰዓት ላይ ልጆቼ ይቀመጡበታል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሶፋ እንደ ጋቢ አይታጠብም። ጋቢን ትጨምቁታላችሁ፣ ገመድ ላይ ትሰቅሉታላችሁ፣ ነፋስ በሁለቱም በኩል ያገኘዋል። ሶፋ ግን ከጨርቁ ሥር ስፖንጅ አለው፣ ከስፖንጁ ሥር ጣውላና ሚስማር አለ። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ መውጫው ግን ያው የገባበት የላይኛው ፊት ብቻ ነው። ሲወርድ ቆሻሻውን አሟሙቶ ይዞት ይወርዳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይዞት ይመለስና ጨርቁ ላይ ጥሎት ይተናል። ከታጠበ በኋላ የሚታየው ቡናማ፣ ካርታ የመሰለ ክብ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሻጋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈልግም፤ እርጥብ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሊጀምረው ይችላል። በአዲስ አበባ ሐምሌ ስፖንጅ በሁለት ቀን እንዲደርቅ መጠበቅ የዋህነት ነው። ልጆቹ አልሰነፉም፤ ማሽናቸው ውሃውን ይረጫል እንጂ መልሶ የመሳብ አቅም አልነበረውም። የሚስብ ማሽን ካለ በማሽን ማሳጠብ ችግር የለውም።

አብዛኛው የሶፋ ቆሻሻ ደረቅ ነው። አቧራ፣ ፍርፋሪ፣ ፀጉር፣ የእጣን ብናኝ። ይህ ሳይወጣ ውሃ ካገኘው ጭቃ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ቫኪዩም ያለው ሰው በደንብ ይሳብ፣ በተለይ መቀመጫውና መደገፊያው የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ። ቫኪዩም ከሌላችሁ አሮጌ አንሶላ ውሃ አስነክታችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት፣ ጠብ የሚል ነገር እስኪያጣ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ዘርጉትና በቀጭን ዱላ ቀስ እያላችሁ ደብድቡት። አቧራው ቤቱን ከመሙላት ይልቅ አንሶላው ላይ ይጣበቃል። እኔ መጀመሪያ ስሠራው አንሶላውን ሳነሳ ዱላው ያረፈበት ሁሉ ግራጫ መስመር ሆኖ ታትሞ አየሁት፣ ለዓመታት የተቀመጥንበት አቧራ።

ከዚያ አረፋ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የሚያጸዳው አረፋው ነው፣ ውሃው አይደለም። ግማሽ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ጨምሩና በእንቁላል መምቻ ምቱት፣ አረፋው ማንኪያ ላይ እስኪቆም ድረስ። ከላይ አረፋውን ብቻ ጭለፉ፤ ታች ያለውን ውሃ አትንኩት። ለስላሳ ቡሩሽ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ትንሽ ቦታ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ቀለል አድርጋችሁ አሹት። አረፋው ሲጠቁር ታዩታላችሁ። ሳይሟሽሽ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ሁለቴ ድገሙት። ይህችን ሁለተኛዋን አትዝለሏት። ላርጎ ጨርቅ ላይ ከቀረ ያጣብቃል፣ አቧራ ይስባል፣ በወሩ ሶፋው ከበፊቱ ብሶ ይገኛል። ውጭ አገር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ዓይነት ፈሳሽ አለ፣ ሲደርቅ ቆሻሻውን ከብቦ ይዞ ተሰባሪ ብናኝ ስለሚሆን በቫኪዩም ይወጣል። ላርጎ እንዲያ አይደለም፣ ስለዚህ እናንተው ጠርጋችሁ አውጡት። መጨረሻ ላይ ደረቅ ፎጣ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ጫን ጫን አድርጉበት፣ ፎጣው የቀረውን ይመጠዋል።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ከሶፋው ጀርባ ማንም የማያየው ቦታ ሞክሩ። ነጭ ጨርቅ ቀለሙን ከያዘ ተዉት። ከውጭ የመጣ ሶፋ ከሆነ ከመቀመጫው ሥር የተሰፋ ምልክት ፈልጉ። ደብልዩ የሚል ፊደል ካለ በውሃ ይጸዳል ማለት ነው፣ ኤስ ብቻ ካለ ውሃ አይነካውም፣ ኤክስ ካለ በቫኪዩም ብቻ። የኔ እዚሁ የተሠራ ስለሆነ ምንም የለበትም፣ ሙከራው ነው የመራኝ። ከፋይ ጨርቅ ያላችሁ ደግሞ ፈጽሞ አትፈትጉት፣ ፀጉሩ አንዴ ከተኛ መልሶ ለማቆም ያስቸግራል።

የራስ መደገፊያው ላይ ያለው ጥቁር ቅባት የብዙ ቤት ችግር ነው። ከራስ ቅቤ ነው የሚመጣው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ትቀባ ነበርና ራሷን የምታሳርፍበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ለዚህ ውሃ ምንም አይሠራም። የበቆሎ ስታርች ወይም ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡት፣ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉትና ሳቡት ወይም አራግፉት። ዱቄቱ ቅቤውን ጠጥቶ ቢጫ ሲሆን ታያላችሁ። የቀረውን ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አልኮል ካላችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ (ሶፋው ላይ እንዳታፈሱ) ጠቅ ጠቅ አድርጉት። አልኮል ቅባት ይፈታል፣ ቶሎም ይተናል። መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል የተያያዘበት ቤት ውስጥ ደግሞ በጭራሽ እንዳታደርጉት።

ቡና ከፈሰሰ አትሹት፣ ማሸት ወደ ውስጥ ይልከዋል። በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ ምጠጡት፣ ከዚያ አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጨምራችሁ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁና ከዳር ወደ መሃል ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ከመሃል ወደ ዳር ከሄዳችሁ እድፉ ይሰፋል። የሻማ ሰም ከሆነ በረዶ አስቀምጡበት፣ ሲደርቅ በማንኪያ ጀርባ ይነሳል። ስለ አልጫ ደግሞ ስሙኝ፦ እርድ የነካው ጨርቅ ላይ ቤኪንግ ሶዳም የልብስ ሳሙናም አታድርጉ። ቢጫው ወዲያው ቀይ ይሆናል፤ ጎረቤቴ ቤት በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እሷም ደም መሰላት። የእርድን ቀለም ፀሐይ ነው የሚያደበዝዘው፤ መቀመጫው የሚነሳ ከሆነ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ አቁሙት።

በረኪና ለሶፋ አይሆንም። ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ሲያልቅ መቀመጫዎቹን በጎናቸው አቁሟቸው እንጂ አታስተኟቸው። መስኮትና በር ተቃራኒ ከከፈታችሁ ነፋሱ ያልፍባቸዋል፣ ማራገቢያ ካለ የተሻለ። የእጄን ጀርባ አስነካዋለሁ፤ ቀዝቀዝ ካለኝ ገና አልደረቀም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ የሕፃን ሽንት ነው። በዚህ እውነቱን ልናገር፤ ወዲያው ደርሳችሁ በፎጣ ከመጠጣችሁት በአቼቶው ውሃ ይለቃል፣ ስፖንጅ ውስጥ ገብቶ ከሰነበተ ግን አረፋም ዱቄትም አይደርስበትም። ያኔ ዚፑ ተከፍቶ ስፖንጁ ብቻውን ወጥቶ መታጠብ አለበት፣ እሱም በክረምት አይሆንም። የኔን የሻገተውን ጥዬ አዲስ ስፖንጅ አስቆረጥኩለት። የታናሽ ልጄ ሽንት የነካውን ደግሞ በፌስታል ሸፍኜ እስከ ጥቅምት አቆየሁትና አንድ እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ በላርጎ ረግጬ አጥቤ፣ ረግጬ ጨምቄ፣ ግንብ ላይ አደገፍኩት። በሦስተኛው ቀን ማታ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት፣ ስፖንጅ ስፖንጅ ብቻ ነበር የሚለው።